ከመጽሐፉ ጠርዝ የተነቀሉት ክሮች

ቤታችን ውስጥ ከሰው ይበልጥ የሚከበር አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ለመጽሐፉ ግን ጠረጴዛ ተለቆለት ነበር። ነጭ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ናት፤ ሌላ ምንም አይቀመጥባትም። አንድ ቀን የውሃ ብርጭቆ አስቀምጬባት እማዬ የቆነጠጠችኝን ሳስታውስ እስካሁን ጭኔን ያመኛል። እንዲህ የተከበረ መጽሐፍ ነው በስተርጅናው እኔን ከቤቴ ሊያስወጣኝ የተነሳው። መጽሐፉ እንኳ አይደለም፤ መጽሐፉ ምን አደረገ። ታላቅ ወንድሜ ነው።

መጽሐፉ የአያቴ ነበረ፣ የአባባ አባት። ጎጃም ውስጥ ቄስ ነበሩ፤ እኔ አላየኋቸውም። ከማተሚያ ቤት የወጣውን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ጥንቱ በእንጨትና በቆዳ አስደጉሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዙት፤ ሲሞቱ ለአባባ ቀረ። አባባ ለሥራ ነገሌ ቦረና ሲመደቡ ከአንድ ፍራሽና ከአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጋር በጭነት መኪና ይዘውት መጡ። ቆዳው በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ገጾቹ ላይ እዚህም እዚያም የሰም ጠብታ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባዶ ገጾች የቤተሰቡ መዝገብ ናቸው። አያቴ በቀይ ቀለም፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በዘመነ ሉቃስ እያሉ፣ ዘጠኝ ልጆች ከነክርስትና ስማቸው ጽፈዋል። ከአምስቱ አጠገብ "ዐረፈ"፣ "ዐረፈች" የሚል አለ። ከዚያ በታች የአባባ እጅ ጽሑፍ ይጀምራል፤ ቀጥ ያለ፣ አንዲት ፊደል ከመስመር የማትወጣበት።

አባባ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የገባ ደብዳቤ፣ የወጣ ደብዳቤ፣ ቁጥር፣ ቀን ሲጽፉ ኖሩ። ቀን የሌለው ወረቀት እሳቸው ዘንድ ወረቀት አይደለም። ቤት ውስጥም ያው ናቸው፤ ጫማ ሲገዙልን ከውስጡ ቀኑን ይጽፉበት ነበር፣ ስንት ወር እንደቆየ ሊያዩ። እሳቸው የጻፏቸው ልጆች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሜ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ልጅ፣ ዓመት ሳይሞላት የሞተች። ሦስተኛ የወንዶቹ ታናሽ፣ እኔን በስድስት ወር የሚበልጠኝ። እኔ የለሁም። የሞተችው አለች፤ በሕይወት ያለሁት፣ የምበላው፣ የምጠጣው፣ ቤቱን የምጠርገው እኔ የለሁም።

እንዴት እንደመጣሁ ልናገር። የወለደችኝ ሴት ነገሌ ዙሪያ ካለው ከሊበን የመጣች ቦረና ናት፤ ከብት አርቢዎች ናቸው። ለእማዬ ወተት የምታመጣላት እሷ ነበረች፤ በወተት ተዋወቁ፣ ከዚያ ተዋደዱ። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ትልቁ ዝናብ በገባ በሦስተኛው ቀን ወለደችኝ፤ በሳምንቷ ሞተች። እህቷ በጨርቅ ጠቅልላ ጭቃውን እየረገጠች አመጣችኝ። እማዬ ያን በስድስት ወር የሚበልጠኝን ወንድሜን ታጠባ ነበር። ምንም አልጠየቀችም፤ እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣ አንዱን ጡት ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጡት መንታ ትለን ነበር። ቦረናዎች ይህንን ጉዲፈቻ ይሉታል፤ ሕጉም ቃሉን የወሰደው ከኦሮሞ ነው። በእነሱ ዘንድ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ልጅ ነው፣ አለቀ። ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው።

ያን ሰሞን ከተማው ተገለባብጦ ነበር። ወታደሩ በየመኪናው ወደ ሞያሌ ይወርዳል፣ መሥሪያ ቤቱ በሩ ተከፍቶ ቀርቷል፣ የአባባ መዝገቦች መንገድ ላይ ተበትነዋል። አባባ ዝናብ እየመታቸው ወረቀት ሲለቅሙ ውለው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ቤት ሲገቡ ሁለት ሕፃን አገኙ። እማዬ የነገረችኝ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቁት "ማን ናት?" ብለው አይደለም። "መቼ ተወለደች?" ነው ያሉት።

"ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ቀን" አለች አክስቴ።

"ስንት ቀን ነው እሱ?"

"ሦስተኛው ቀን ነዋ።"

አክስቴ አልተሳሳተችም። ሊበን ውስጥ ያን ዝናብ የማያውቅ ሰው የለም፤ ከብት ሲያልቅ ከርሞ የመጣ ዝናብ ነው። ማንም እረኛ መቼ እንደገባ ይነግራችኋል። የማያውቁት አባባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ያን ሳምንት የያዙት ቀን መቁጠሪያ የለም፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ የነበረው ተዘርፏል። እና ስሜ ከመጽሐፉ የቀረው በዚህ ነው። አንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ስለጠፋ።

ክርስትና የተነሳሁት እንደማንኛዋም ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኔ ነው። "ከየትኛው ቀን እንቁጠር?" ሲባል የዚያን ጊዜው ቄስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ቤታችሁ ከገባችበት ቀን ቁጠሩ፤ ምን ያስጨንቃችኋል" አሉ። ተቆጠረ፣ ተጠመቅኩ። ታዲያ ቄሱ መቁጠር ከቻሉ አባባ ለምን አልቻሉም? ሰባት ዓመቴ ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ እኔን መቼ ነው የሚጽፉኝ?"

"ቀንሽን ሳገኝ።"

"ቄሱ አግኝተውት የለ?"

"የቄሱ ቆጠራ ለጥምቀት ይበቃል" አሉኝ፤ "ለመዝገብ አይበቃም።"

ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ መልሳቸው ያው ነው። አክስቴ ለገበያ በመጣች ቁጥር ወንበር ስበው ይጠይቋታል፤ እሷም ያንኑ ዝናብ ትነግራቸዋለች። ልጄ ይሉኛል፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው፣ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት የወሰዱኝ እሳቸው። የትምህርት ቤቱን ፎርም ሲሞሉ ደግሞ መስከረም አንድ ተወለደች ብለው ጻፉልኝ። አያችሁ? ለትምህርት ቤት የፈጠሩትን ቀን ለእኛ መጽሐፍ ሊፈጥሩ አልፈለጉም። "በእግዚአብሔር መጽሐፍ ላይ ግምት አይጻፍም" ይሉ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሞቱ፤ ሳይጽፉኝ። አልቅሼላቸዋለሁ፣ ግን ተናድጄም ነው ያለቀስኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እማዬ ፊደል አትለይም ነበር። ግን የራሷ መዝገብ ነበራት። ያደገችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለነበረ የብራና መጻሕፍት ላይ የሚደረገውን አይታለች፤ ካህናቱ የሚፈልጉትን ገጽ ቶሎ እንዲያገኙ ከቅጠሉ ጠርዝ ላይ ባለቀለም ክር ይሰፋሉ፤ መጽሐፉ ተዘግቶም ቋጠሮው ከዳር ብቅ ብሎ ይታያል። አባባ መጽሐፉን ከመጀመሪያው አንስተው በየማታው አንድ ምዕራፍ ያነቡ ነበር። አይዘሉም፣ አይመርጡም፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ ልጅ ክርስትና በተነሳ ዕለት እማዬ "ያነበቡትን ገጽ ክፍቱን ተዉልኝ" ትላለች፤ ትንሽ ጨርቅ ከኋላ ደግፋ ክር ትሰፋበታለች። ለታላቅ ወንድሜ ቀይ። ለሞተችው ነጭ። ለጡት መንታዬ አረንጓዴ። ለእኔ ሰማያዊ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ መጽሐፉ ፊት ትቆምና ጣቷን ከላይ እስከ ታች በጠርዙ ላይ ታወርዳለች። ቋጠሮ ባገኘች ቁጥር ቆም ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትቀጥላለች። አራት ጊዜ ትቆማለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ እቆጥር ነበር።

የእኔ ገጽ የወደቀው ኦሪት ዘኍልቍ ላይ ነው፤ ሙሴ ሕዝቡን በየነገዱ የሚያስቆጥርበት ቦታ። አባባ ያን ሁሉ ሺህ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጥረዋል፤ አጠገባቸው የተኛችውን አንዲት ሕፃን ግን አልቆጠሩም። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ያን ክር ነቀልኩት። የጡት መንታዬ ነው "ንቀይው፣ ምን ትሆኛለሽ" ያለኝ። ጎተትኩት፤ ክሩ ከነወረቀቱ ተቀደደ። እማዬ ስታየው እኔን ገረፈች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የተቀደደውን በዱቄት ሙጫና በስስ ጨርቅ ለጠፈችው፤ ክሩን ግን ጠርዙ ላይ አልመለሰችውም። ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ከጽሑፉ አጠገብ፣ ከኋላ ጀምራ ደርባ ሰፋችው። ጫፉን ብቻ ረዘም አድርጋ ወደ ውጭ ለቀቀችው። ክሩን በጥርሷ ቆርጣ፣ "እስቲ አሁን ደግሞ ንቀይው" አለችኝ።

ስፌት የተማርኩት ከእሷ ነው። አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ነጥብ አልመጣልኝም፤ የስፌት መኪና ገዝቼ እዚያው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ሥራ ጀመርኩ። የደንብ ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ የመጣውን እሰፋለሁ። ክሬ ከሞያሌ ነው የሚመጣልኝ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ገባ፣ ተሳካለት፣ እሰየው። የጡት መንታዬ ሾፌር ሆነ፤ ቦሬ ከተማ አግብቶ እዚያው ነው የሚኖረው። እማዬና እኔ ቤቱ ውስጥ ቀረን። ዓይኗ እየደከመ ሄደ፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ሆነ የምትለየው። ጣቷ ግን ጠርዙን አልረሳም። እሑድ እሑድ እጇን ይዤ ጠረጴዛው ጋ አደርሳታለሁ፣ የቀረውን ራሷ ታውቀዋለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ መጣ። ያኔ ጋሼ ነበር የምለው። መጽሐፉን አገላበጠና "ይሄ እኮ ቅርስ ነው" አለ። ቅርስ የሚለውን ቃል እኛ ቤት ያመጣው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት መጽሐፍ ነበር።

"ሽፋኑ ተበልቷል፣ እማዬ። አዲስ አበባ ወስጄ ላሳድሰው።"

"ምን ሆነና ነው የሚታደሰው?" አለች።

"አንቺ አታይውም እንጂ አርጅቷል።"

አታይውም አላት። ሰማሁ፣ ተውኩት፤ በዓል ነው ብዬ። እማዬ የበኩር ልጇን እምቢ ማለት አትችልበትም። ፌስታል ውስጥ ከትቶ ይዞት ሄደ።

በወሩ ደወልኩለት፤ "ጠራዡ አልጨረሰም።" በሦስተኛው ወር፤ "መንገድ ሲመች እልከዋለሁ።" በዓመቱ፤ "ምን ያስቸኩላችኋል?" የጡት መንታዬ ዕቃ ሊጭን አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ነው እውነቱን የነገረኝ። መጽሐፉ ታድሶ ካለቀ ቆይቷል፤ ሳሎኑ ውስጥ ቡፌ ላይ፣ ከመስታወት ኋላ፣ ከላስቲክ አበባ አጠገብ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ያሳየዋል። እርር ድብን አልኩ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። እሷ ከእሑድ እሑድ "መጽሐፌ አልመጣም?" እያለች ትጠይቀኛለች። ቢቸግረኝ አንድ ወፍራም ጨርቅ አጥፌ ዳሩ ላይ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር ሰፍቼ እጇ ላይ አደረግኩላት። ዳበሰችው፣ ቆመች፣ ዳበሰችው። "ይሄ ጨርቅ ነው" አለችኝ። ቢሆንም ትራሷ ሥር ከተተችው። መጽሐፉን ሳትነካ ሞተች።

የአርባ ቀን ተዝካሯ አልፎ ዘመድ ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሁለት ሰዎች አስጠራ። አንዱ በአጥር የሚዋሰኑን የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባባ ጊዜ ጀምሮ ጎረቤታችን። ሌላው የንስሐ አባታችን ናቸው፤ እኔን ያጠመቁት አዛውንት ካረፉ በኋላ የተመደቡ ወጣት ቄስ፣ ከተማውን ገና በደንብ ያላወቁት። የጡት መንታዬም ነበረ። ግቢው ውስጥ ግራሩ ሥር ወንበር አወጣሁ።

"አካም፣ ናጋ?" አሉ ሽማግሌው ሲገቡ፤ እኔን "ኢንተላ ኮ" ብለው አቀፉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚጠሩኝ።

ጋሼ ጀመረ። "አባቶች፣ ያስቸገርኳችሁ ለምስክርነት ነው። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ልናወጣ ነው። ወላጆቻችን ያፈሯቸው ልጆች ሁለት ነን፤ እኔና ይሄ ወንድሜ። ቤቱ ይሸጣል።"

"እሷስ?" አሉ ሽማግሌው።

"እሷ አብራን አድጋለች፣ አንክድም። ሜዳ ላይ አንጥላትም፤ የሆነ ነገር እናደርግላታለን። ግን ማደግ ሌላ፣ ልጅ መሆን ሌላ ነው።"

አጠገቡ ቆሜ ነው እሷ የሚለኝ። የበላበትን ሳህን ገና አላጠብኩትም። የእማዬን ገላ ያጠብኩት፣ ጥፍሯን የቆረጥኩት፣ ሌሊት ስትጠራ የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ በበዓል ነው የሚታየው። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ልጅ አይደለችም ሲል ምላሱ እንኳ አልተንተባተበም።

"እኛ ዘንድ ይሄን አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም" አሉ ሽማግሌው። "እናትህ ስታጠባት በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አንቱ ያዩትን ይናገራሉ፣ አከብርዎታለሁ። አባቴ የጻፈውን ደግሞ እንይ።"

ከቦርሳው መጽሐፉን አወጣ። አላወቅኩትም። እንጨቱ ተነቅሏል፣ የአያቴ ቆዳ ተጥሏል፤ በምትኩ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሽፋን ለብሶ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። የፊት ገጾቹን ከፍቶ ለቄሱ አሳያቸው። "ይኸው፣ ሦስት ልጅ፣ አንዷ ዐርፋለች። አባቴ ለአንዲት ነጥብ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ልጄ ናት ብሎ ቢያምን ሳይጽፋት ይሞት ነበር?"

ቄሱ ደጋግመው አነበቡት። "እኔ ለቦታው እንግዳ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ከመጽሐፉ ላይ ከሌለች፣ አለች ብዬ መመስከር ይከብደኛል።"

የጡት መንታዬን አየሁት። ጫማውን ያያል።

"አባቴ አልጻፉኝም" አልኩ። "እናቴ ግን ጽፋኛለች፤ በክር።" ለቄሱ አስረዳኋቸው። "አዎ፣ የብራና መጻሕፍት ላይ ይደረጋል" አሉ፤ ፊታቸው ፈካ አለ። መጽሐፉን ተቀብዬ ጣቴን እንደ እማዬ ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። ምንም የለም። ጠርዙ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው፤ እሱም ወርቅ ተቀብቷል።

"ክሮቹስ?" አልኩት።

"የምን ክር?" ትንሽ አሰበ። "እ፣ እሱን ነገር ነው? አሮጌ ክር ተንጠልጥሎበት ነበር፤ ጠራዡ አጽድቶታል። ዳሩንም በማሽን ቆርጦ አስተካከለው።"

አጽድቶታል። ዓይን ያልነበራት ሴት ልጆቿን የምታይበትን ነገር ነው ያጸዳው። መጽሐፉ ቢመለስላት ኖሮስ? ያን ልሙጥ ወርቅ ስትዳብስ፣ ሳትቆም እስከ ታች ስትደርስ አሰብኩና፣ እንኳን ሳታገኘው ሞተች አልኩ። ስለ እናቴ እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ እሱ ነው። ጋሼ ማለት ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።

ተቀመጥኩና ገለጥኩ። የአራታችንንም ገጽ አውቃለሁ፤ ስንት እሑድ ቆሜ አይቻለሁ። የእሱን ገለጥኩ፤ ዳሩ ከነስፌቱ ተቆርጦ ሄዷል። የሞተችውን ገለጥኩ፤ የለም። የጡት መንታዬን፤ የለም። ኦሪት ዘኍልቍ ላይ ደረስኩ። ክሩ የለም። ግን ከጽሑፉ አጠገብ አራት ቀዳዳ አለ፤ ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች፣ ከኋላ ተጀምሮ የተደረበ ስፌት። የእናቴን ስፌት እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል። የለጠፈችው ስስ ጨርቅ ግማሹ አሁንም ከወረቀቱ ጋር አለ፤ ጠራዡ አልላቀቅ ብሎት ትቶታል።

ቄሱ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አነሱት፤ በአራቱም ቀዳዳ ብርሃን ገባ። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም፤ ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቀዳዳ ማስረጃ ነው እንዴ?" አለ እሱ።

"ያንተስ የት አለ?" አሉት ሽማግሌው።

መጽሐፉን ተቀብሎ ያገላብጥ ጀመር። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዝግ እያለ። ምን እንደሚፈልግ እንኳ አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ የጡት መንታዬ ቀና አለ። "የቀደደችው ቀን ነበርኩ" አለ። "ንቀይው ያልኳት እኔ ነኝ። እማዬ የገረፈቻት እሷን ነው፤ እኔ ዝም አልኩ።" ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሮ፣ "ሦስት ነን፣ አባ። እንደዚያ ብለው ይመስክሩ" አለ። ያኔ ብቻ ነው ያለቀስኩት።

ቄሱ መሰከሩ፣ ሽማግሌውም መሰከሩ። ማረጋገጫው ላይ የሦስት ልጆች ስም ወጣ፤ እኔና የጡት መንታዬ አንሸጥም ስላልን ቤቱ አልተሸጠም። መጽሐፉም እዚሁ ቀርቶ ጠረጴዛው ላይ ተመልሷል። ያን ጠዋት ከኮሌታዬ መርፌዬን አውጥቼ፣ ሰማያዊ ክር አስገብቼ፣ ሁሉም እያዩኝ በዚያው በአራቱ ቀዳዳ መልሼ ሰፋሁት። አዲስ ቀዳዳ አልበሳሁም። ቄሱ እስክሪብቷቸውን አውጥተው፣ "በይ እንግዲህ ከፊቱም ገጽ ላይ ስምሽን ጻፊው፤ ማን ይከለክልሻል" አሉኝ።

"ቀኑን ሳላውቅ አልጽፍም" አልኳቸው። "የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነኝ።"

ባለፈው ፋሲካ ታላቅ ወንድሜ ደወለ። እንኳን አደረሰሽ አለኝ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩት። ከዚያ፣ "የኔንም ክር ስፊልኝ" አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነብኝ፤ እውነቴን ነው። ቀይ ክር አለኝ፣ ከሞያሌ የመጣ ጥሩ ክር። ለጡት መንታዬና ለሞተችው በየገጻቸው ሰፍቼላቸዋለሁ።

"ገጽህ የት ነው?" አልኩት።

አያውቀውም። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ በየእሑዱ ጣቷን የምታሳርፍበትን ገጽ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። እኔ አውቀዋለሁ። እዚህም አልጽፈውም፤ ሊያነበው ይችላል። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፤ ይምጣና ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይግለጥ።